የአባባ ኮት ኪስ ለምን በቀኝ ሆነ?

ነገሩ የተጀመረው በታናሽ ወንድማችን ምርቃት ነው፡፡ ልጁ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ይመረቃል፡፡ መመረቁስ ደግ ነበር፤ ችግሩ ጋዋኑን ዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ከጋዋኑ ሥር የሚለበሰው ግን ከቤት መምጣቱ ነው፡፡ ማን እንደደነገገው ባናውቅም በዚህ አገር ያለ ሙሉ ልብስ የተመረቀ ወንድ ገና እንዳልተመረቀ ነው የሚቆጠረው፡፡ ስለዚህ ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ስብሰባ ተቀመጠ፡፡ አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ በትንሽ ገንዘብ ሰው የሚያስመስል ሱፍ ከየት ይገኛል?

እኛ በጋዜጠኝነት የተመረቅን በመሆናችን (ጠይቆ ማወቅ ሥራችን ነው ስለምንል) ዋጋ እንድናጠና ተላክን፡፡ መርካቶ የገባንበት የመጀመሪያው ሱቅ «የቱርክ ነው» አለን፡፡ ሁለተኛውም «የቱርክ ነው» አለን፡፡ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ የኮቱን የውስጥ ጽሑፍ ገልጠን ብናነብ የሌላ አገር ስም ይላል፤ ባለሱቁ ግን ዓይኑን ሳያሽ «ያው የቱርክ ነው» አለን፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋ ሲጨምር ሱፍም አልቀረም፡፡ ሪፖርታችን አጭር ነበር፡፡ ደህና የሚባለው ከእኛ የወር ደሞዝ ይበልጣል፤ ከደሞዛችን የሚያንሰው ደግሞ ደህና አይባልም፡፡

እናታችን ዝም አለች፡፡ አያታችን እማማ ግን «ሳጥኑን ክፈቱ» አለችን፡፡

ከሳጥኑ የወጣው የአባባ ኮት ነው፡፡ ግራጫ፣ ከባድ፣ የብል ኳስ የሚሸት ኮት፡፡ አባባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ያለ ኮት ከቤት ሲወጡ ያያቸው የለም፡፡ ወንድማችን አጥልቆት መስታወት ፊት ቆመ፡፡ ትከሻው ሊሆነው ምንም አልቀረውም፡፡ ግን የሆነ ነገር ዓይናችንን እምቢ አለው፡፡ የደረት ኪሷ በቀኝ በኩል ናት! የወንድ ኮት የደረት ኪስ ሁልጊዜ በግራ ነው፤ እስቲ የቤታችሁን ኮት አውጥታችሁ እዩ፡፡ አቆላለፉም እንደ ሴት ኮት ቀኙ በግራው ላይ ይደረባል፡፡

«የሴት ነው እንዴ?» ብለን ሳቅን፡፡

«ተገልብጦ ነው» አለች እማማ፣ ሳቃችን ሳይገባት፡፡ «እኔ ነኝ ወስጄ ያስገለበጥኩት፡፡»

ከዚያ የሆነው ሁሉ ከሱፍ ግዢ ወጥቶ ወደ ታሪክ ገባ፡፡ ይህን ጽሑፍ የምታነቡትም በዚያ ምክንያት ነው፡፡

ኮት መገልበጥ ማለት ይህ ነው፡፡ ደህና ሱፍ በአንድ ወገን ሲያረጅ፣ ክርኑ ሲያብረቀርቅ፣ ኮሌታው ሲገረጣ፣ ሰፊው ኮቱን ስፌት በስፌት ይፈታዋል፡፡ ገበሩን ያወጣል፡፡ ከዚያ በገበሩ ሥር ተደብቆ ፀሐይ ያላየውን የጨርቁን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል፡፡ ኮቱ አዲስ ይሆናል፡፡ ነገር ግን የግራው ደረት ሲገለበጥ ቀኝ ይሆናልና ኪሷም አብራ ትዞራለች፡፡ በሌላው ዓለምም ድሃው ብቻ ሳይሆን መካከለኛው ሰው ሁሉ ይህን ያደርግ ነበር፤ ቀኝ ኪስ ያየ ሰው የተገለበጠ ኮት መሆኑን ያውቃል፡፡ አባባ ማለት ነው እንግዲህ፣ መሥሪያ ቤት ሲገቡ መሐረባቸውን በቀኝ ኪሳቸው አድርገው ቀጥ ብለው ይሄዱ የነበረው፣ ሚስጥራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር፡፡ እማማን «አያፍሩም ነበር?» ብንላት «ጓደኞቹም የተገለበጠ ነበር የሚለብሱት፣ በማን ሊያፍር?» አለችን፡፡

የልብሱ ስም ራሱ ታሪክ አለው፡፡ ሱፍ ማለት የበግ ጠጉር ነው፤ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው (የጾሙ ሱፍ ሌላ ነው፣ እሱ ፍትፍት ይሆናል)፡፡ ዛሬ «ሱፍ» ብለን የምንገዛው በአብዛኛው ፖሊስተር ስለሆነ ከበግ ጋር ሰላምታም የለው፡፡ ከረባትና ኮሌታን ከጣሊያንኛ ወስደናል፡፡ ገበርዲን ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ በርበሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ያወጣው የጨርቅ ዓይነት ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን የሰው ዓይነት ሆነ፡፡ «ገበርዲን ለባሽ» ስንል ስለ ጨርቁ አይደለም የምናወራው፣ ሰውየው ስለሚቀመጥበት ወንበር ነው፡፡

ወንበሩ ግን ድሮም ገበርዲን አይጠይቅም ነበር፡፡ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ትልቅ ሰው የሚታወቀው በካባው፣ በበርኖሱና በሸማው ነው፡፡ ሸማው እንዴት እንደተጣፋ አይቶ ሰውየው ሐዘን ላይ ይሁን፣ ዳኛ ፊት ይሁን፣ ጌታው ፊት ይሁን መለየት ይቻል ነበር፡፡ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. መሳፍንቱን አስከትለው አውሮፓን ሲዞሩ የዚያ አገር ፎቶ አንሺዎችን ያስጨነቃቸው ካባቸው ነበር፡፡ እንዲያውም ከሁለቱ ዓለም መካከል የወጣ አንድ ልብስ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ከላይ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች የሚጠብቀውን «ተፈሪ ሱሪ» ማለታችን ነው፡፡

ሙሉ ልብስ የገባው ከትምህርት ቤትና ከባቡር ጋር ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም፡፡ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፣ ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከተለ፡፡ የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ልጅና የውጭ ጨርቅ በአንድ ሰሞን ተገናኙ፡፡ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ ሲደራጁ ደግሞ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ሒሳብ ሹም ያስፈልግ ነበርና ኮት የዚያ ሥራ መለያ እየሆነ መጣ፡፡ እነ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን በፎቶ ያየ ሰው የሚያስታውሰው በልካቸው የተሰፋውን ኮት ነው፡፡ የበታቹ ጸሐፊም ደሞዙ ምንም ቢሆን እነሱን መምሰል ነበረበት፡፡

የአባባም ጭንቀት ይኼው ነበር፡፡ ያኔ ሱፍ ማለት ሱቅ ገብቶ ከመስቀያ አውርዶ መልበስ አልነበረም፡፡ መጀመሪያ ጨርቁ በሜትር ይገዛል፡፡ ከዚያ ልኬት፣ ከዚያ ፕሮቫ፣ ከዚያ «ሳምንት ተመለስ»፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ «ሳምንት ተመለስ»፡፡ እማማ እንደነገረችን አባባ የመጀመሪያውን ሱፋቸውን ያሰፉት ዕቁብ ሲወጣላቸው ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ከነበረ አንድ አርመናዊ ሰፊ ዘንድ፡፡ (ያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል፡፡ ፎቶ ልናነሳው ሄደን ያገኘነው ሰፊ መንገድ ነው፡፡) የዕቁቡ ገንዘብ ለቤት ክዳን የታሰበ ነበር፡፡ «ቆርቆሮው ቀረና ኮት ሆነ» ትላለች እማማ፤ እየሳቀች ነው የምትለው፣ ግን ሁለት ክረምት ባልዲ ደቅነው ማደራቸውንም ትጨምራለች፡፡ ኮቱ ባይገዛ አባባ እድገቱን ያገኙ ነበር? እማማ አያገኙም ባይ ናት፡፡ ስለዚህ ኮቱ ሲያረጅ ሌላ ዕቁብ ከመጠበቅ እሷው ይዛው ሄዳ አስገለበጠችው፡፡

ሌላው ዓለም ይህን ጣጣ በፋብሪካ ነው የፈታው፡፡ ከሊትዌንያ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው ሞንታግ በርተን ሊድስ ከተማ ላይ ትልቅ ፋብሪካ አቁሞ፣ በየከተማው በከፈታቸው ሱቆች ልኬት እያስወሰደ፣ ተራ ሠራተኛ ሊከፍለው በሚችለው ዋጋ በልክ የተሰፋ ሱፍ ይሸጥ ነበር፡፡ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅም የእንግሊዝ መንግሥት ለሚያሰናብተው ወታደር ሁሉ ሲቪል ሆኖ የሚሄድበት ሱፍ ይሰጥ ነበርና የበርተን ፋብሪካ ከዋነኞቹ አቅራቢዎች አንዱ ሆነ፡፡ እኛ ዘንድ ሱፍ የሚሰጥ መንግሥት አልመጣም፡፡ ሱፍ የሚያስወልቅ መጣ እንጂ፡፡

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንዲት ነገር፡፡ መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊታይ የነበረ የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች ተቃውመው ረብሻ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደርሷል፡፡ ባዕድ ልብስ የባዕድ ባህል ነው፣ ሕዝቡ በድህነት እያለ ይህ ቅንጦት ነው የሚል ነበር ክርክሩ፡፡ የዘመኑን የተማሪ ፎቶዎች ስናይ ታዲያ ወንዶቹ ኮትና ከረባት አድርገዋል! ሚኒ ስከርቱ ባዕድ ሲሆን ከረባቱ መቼ ዜግነት እንዳገኘ የሚነግረን የለም፡፡ እኛ ሴቶቹ ይህን ልብ ሳንል አናልፍም፡፡

ደርግ መጣና ከረባት የአድኃሪ አንገት ሆነ፡፡ ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የፓርቲው ሰው መለያ አንድ ዓይነት ካኪ ነበር፡፡ በርካሽነት ብቻ ካየነው ካኪው መልካም ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከለበሰ ማንም ማንንም አይበልጥም፡፡ ግን እማማ እንደምትለው ሰፈሩ ወዲያው የካድሬን ካኪ ከሌላው ካኪ በአተኳኮሱ መለየት ጀመረ፡፡ አባባ ኮታቸውን ያን ጊዜ ነው ሳጥን ውስጥ ያስገቡት፡፡ በ1983 ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ያደረጉት ታጋዮች ከተማ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ መሪዎቹን በቴሌቪዥን በሱፍና ከረባት አየናቸው፡፡ አባባ ግን ጡረታ ወጥተው ነበርና ኮታቸውን አላወጡትም፡፡

ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ የልጆቹ ታሪክ ነው፤ የሰልባጅ ታሪክ፡፡ ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፡፡ ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ደግሞ ሰልባጅ ያደረገ ዘመድ አለው፡፡ አባታችን ለመጀመሪያ ሥራው የለበሰው ኮት ከድሬዳዋ በዘመድ በኩል የመጣ ሰልባጅ ነበር፡፡ ስናወራው አሁንም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፡፡ ያሳፈረው ሽታው እንጂ ጨርቁ አልነበረም፤ ጨርቁማ እውነተኛ ሱፍ ነበር፡፡ ዛሬ ከመርካቶ አዲስ ከምንገዛው ይልቅ የዚያ ዘመን ሰልባጅ አሠራሩ ይበልጣል ብንል ነጋዴዎች እንዳይቀየሙን፡፡ ለዚህ ምስክራችን ሰፊያችን ነው፡፡

ሰፊያችን ከቤታችን ማዶ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሠራ አዛውንት ነው፡፡ የአባባን ኮት ይዘን ለወንድማችን እንዲያስተካክልልን ሄድን፡፡ ተቀበለን፣ ኪሷን አየ፣ ፈገግ አለ፡፡ «ልጆቼ፣ ይሄ አንዴ ተገልብጧል፤ ሦስተኛ ፊት የለውም» አለን፡፡ ክርኑ ሳስቷል፤ ለምርቃት ቀን አይደለም ለአንድ ታክሲ ግፊያ አይበቃም፡፡ ከዚያ ግን የኮቱን ደረት በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያዘና እኛም እንድንቆነጥጥ አደረገን፡፡ በውጭው ጨርቅና በገበሩ መሃል ሌላ ሦስተኛ ነገር ለብቻው ይንሸራተታል፡፡ ሸራ ነው፡፡ ከጨርቁ ጋር በእጅ መርፌ ተይዟል፤ ከለባሹ ደረት ጋር እየቆየ ቅርፁን የሚይዘውም እሱ ነው፡፡ ቀጥሎ አጠገቡ የተሰቀለ የደንበኛ ኮት አስቆነጠጠን፡፡ ሦስተኛው ነገር የለም፤ ደረቱ አንድ ወፍራም ካርቶን ይመስላል፡፡ «ይሄ በሙጫ በሙቀት የተጣበቀ ነው፡፡ ርካሽ የሆነው በዚህ ነው፡፡ ውኃ ሲነካው ወይ ካውያ ሲበዛበት እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል» አለን፡፡

«ታዲያ ምን እንግዛ?» አልነው፡፡

በሙጫ የተሠራውን ግዙ ነው ያለን፣ ሌላ አቅማችሁ አይደለምና፡፡ ግን ስትመርጡ ከለሩንም ስሙንም ተዉት፤ ትከሻውን እዩ፡፡ እጅጌ ይቆረጣል፣ ወገብ ይጠባል፣ ሱሪ ያጥራል፤ ትከሻ ግን አይነካም፣ ከነኩት ኮቱ ይበላሻል፡፡ ትከሻው ልክ ከሆነ የቀረውን እኔ አበጀዋለሁ አለን፡፡ ደግሞም ውኃ ውስጥ እንዳትነክሩት፡፡

እንደተባልነው አደረግን፡፡ አገር ውስጥ የተሰፋ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ «የቱርክ» ያልተባለ ሱፍ ገዛን፡፡ ከዋጋው የተረፈውን ለሰፊያችን ሰጠነው፡፡ የሸሚዙ ጫፍ ጣት ያህል እንዲታይ እጅጌውን አሳጠረ፣ ወገቡን አጠበበ፣ ሱሪውን ጫማው ላይ እንዳይከመር ቆረጠው፡፡ ከጀርባው ቅድ ላይ ያለውን መስቀለኛ ክር ፈታ፡፡ በመጨረሻ እጅጌው ላይ የተሰፋችውን የስም ምልክት በምላጭ ሊያነሳ ሲል ወንድማችን እጁን ያዘው፡፡ ከተማው ውስጥ ስንቱ ሰው ያቺን ምልክት ይዞ ሰርግ እንደሚሄድ እናንተም ታውቃላችሁ፡፡ ሰልባጅ አለመሆኑን በምን ያሳይ? ክርክሩ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ምልክቷ ተነሳች፤ ወንድማችን ግን ተቀብሎ ኪሱ ከተታት፡፡

ማታ እማማ ፊት ለበሰው፡፡ አስቀርባ ጨርቁን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፡፡

«ያምራል» አለች፡፡ «ይገለበጣል?»

አይገለበጥም አልናት፡፡ የአባባን ኮት መልሰን ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው፡፡ በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባው በጫማ ጉዳይ ይቀጥላል፡፡