ማኅተም ያልተገኘለት ሰው

በብሉይ ኪዳን ሌላውን ለማዳን ከተነሡት ብዙዎቹ ማንም ያልጠበቃቸው ናቸው። ጌዴዎን ከነገዱ ደካማው ወገን ነበር። ዮፍታሔን የገዛ ወንድሞቹ አባረውት ነበር። ተማሪዎቼ የነበራችሁ እንደምታውቁት፣ የኔ ምርጫ ግን ሁሌም አቤሜሌክ ነው።

ጊዜው ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የባቢሎን ጦር ከተማዋን ከቧታል፣ እንጀራ እያለቀ ነው። ኤርምያስ "እጁን የሰጠ ይተርፋል" በማለቱ አራት ባለሥልጣናት የወታደሩን ወኔ ገደለ ብለው ከሰሱት። ንጉሥ ሴዴቅያስ ፈራቸውና አሳልፎ ሰጣቸው። ነቢዩን በገመድ ጉድጓድ ውስጥ አወረዱት። ውሃ የለውም፣ ጭቃ ብቻ!

ዝም ያላለው አንድ ባዕድ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊ ይለዋል፤ ዕብራይስጡ ኩሻዊ ነው፤ ኩሽ ደግሞ ከግብጽ በስተደቡብ ያለው የዓባይ ሸለቆ አገር ነው። በዕብራይስጥ ኤቤድ ሜሌክ ማለት "የንጉሥ አገልጋይ" ነው። እንግዲህ እናቱ ያወጣችለት ስም ይሁን የሥራው መጠሪያ እንጃ። ይህ ሰው ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ፣ ባለሥልጣናቱ ክፉ ሠርተዋል ብሎ በግልጽ ተናገረ። ንጉሡም 30 ሰው ሰጠው።

እኔን የሚነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። ከግምጃ ቤቱ ሥር አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ለቃቅሞ አወረደለትና፣ ገመዱ እንዳይጎዳህ በብብትህ ሥር አድርገው አለው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል የሰውዬውን ብብት አሰበ!

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2008፣ በኢየሩሳሌም የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ ኤይላት ማዛር ባካሄዱት ቁፋሮ፣ የማኅተም አሻራ ያረፈባቸው ሁለት ጥቃቅን የሸክላ ቁራጮች ተገኙ። አንዱ "የሰሌምያ ልጅ ዮካል"፣ ሌላው "የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ" ይላል። ከአራቱ ከሳሾች የሁለቱ ስም!

ነቢዩን ያወጣው ሰው ማኅተም ግን አልተገኘም። ምናልባትም ከነጭራሹ አልነበረውም። የእኛ አባቶች ግን አልረሱትም፤ በግእዙ ተረፈ ባሮክ የበለስ ቅርጫቱን እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ፣ የከተማዋን ጥፋት ሳያይ ይነቃል።

በየመሥሪያ ቤታችን ማኅተም የያዘ ሞልቷል። ጨርቁን የሚያስታውሰውስ? እናንተ የምታውቁት ካለ እስቲ ከሥር ጻፉልኝ።