በረዶና አመዳይ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በረዶ ማለት በክረምት ወርዶ አዝመራ የሚያጋድመው ነው። ከባሕር ማዶ የተላከ ገንዘብ የምከፍላቸው እናቶችም «ልጄን በረዶ ይመታብኛል» እያሉ ይሰጋሉ።

ግእዝ ግን በረድንና ሐመዳን ለይቷል፤ የኋለኛው የእኛ አመዳይ ነው። ኮስማስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለበጠው የአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ፣ የአክሱም ንጉሥ በዘመተባቸው የሰሜን ተራሮች አመዳይ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል።

ያው አመዳይ ዛሬ በሚኒሶታ ክረምት የወገኖቻችንን መኪና አልብሶ ያድራል። ቀለሙን የሚጭረው እርሱ ሳይሆን ከሥሩ የተደበቀው አሸዋና የቸኮለ እጅ ነው። ስለዚህ ስፖንጅ በለበሰ መግፊያ ከላይ ከላዩን ይገፉታል፤ ስሱን ሽፋን ለሞተሩ ሙቀት ይተዉታል።

የእኛ በረዶ መትቶ ይሄዳል፤ የእነርሱ አመዳይ ግን ተኝቶ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ስሙን ለይተን ብንጠራ የእናት ስጋትም በልኩ ይሆን ነበር።