ማኅበራዊ ባህርይን በኮምፒውተር ወኪሎች የማስመሰል ዘዴ

አንድ መመሪያ በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚያስከትለው ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ኅብረተሰብን እንደ መድኃኒት በቤተ ሙከራ መፈተን ስለማይቻል፣ ተመራማሪዎች የሰዎችን ባህርይ በኮምፒውተር የማስመሰል ዘዴን ሲያዳብሩ ቆይተዋል።

በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ሰው፣ ቤተሰብ ወይም ድርጅት "ወኪል" በሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይወከላል። ወኪሉ የራሱ ይዞታና የሚመራባቸው ደንቦች ያሉት ሲሆን፣ የአካባቢውን ሁኔታ ይመለከታል፤ ከሌሎች ወኪሎች ጋር መልእክት ይለዋወጣል፤ በዚያም መሠረት ይወስናል። አጠቃላይ ውጤቱ ከበላይ የሚታዘዝ ሳይሆን ከወኪሎቹ ግንኙነት የሚመነጭ ነው።

ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት መካከል አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ሼሊንግ ይጠቀሳሉ። ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የሁለት ወገን ነዋሪዎችን በካሬ በተከፋፈለ ሰሌዳ ላይ አስፍረዋል። እያንዳንዱ ነዋሪ ከጎረቤቶቹ ሲሶ ያህሉ ብቻ ወገኖቹ እንዲሆኑ ቢፈልግ እንኳ፣ ይህ ያልተሟላላቸው ቦታ ሲቀይሩ ሰፈሮቹ በወገን ተለያይተው ይገኛሉ። በግለሰብ ደረጃ መጠነኛ የሆነ ምርጫ ማንም ያልፈለገውን መለያየት ሊያስከትል እንደሚችል ጥናቱ አሳይቷል። ሼሊንግ በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ላበረከቱት አስተዋጽኦ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሹዋ ኤፕስታይንና ሮበርት አክስቴል ምናባዊ ስኳር እየሰበሰቡ የሚኖሩ ወኪሎችን ያቀፈ ሞዴል ይፋ አደረጉ። በሞዴሉ ቀላል ደንቦች ብቻቸውን ከፍተኛ የሀብት ልዩነት ማስከተላቸው ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በሰው ቋንቋ የሚነጋገሩ 25 ወኪሎችን በአንዲት ምናባዊ መንደር አኖሩ። ለአንዷ ወኪል ግብዣ የማዘጋጀት ሐሳብ ሲሰጣት፣ ወሬው በወኪሎቹ ንግግር ተዛምቶ ከተጋበዙት 12 ወኪሎች 5ቱ በቦታው ተገኝተዋል።

ዘዴው በመንግሥት ውሳኔ ላይ ያለው ክብደት በግልጽ የታየው በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በፕሮፌሰር ኒል ፈርጉሰን የተመራው የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ቡድን፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በብሪታንያ 510 ሺህ ያህል ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ አመለከተ። የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ወር ከቤት ያለመውጣት ገደብ ጣለ። ይሁን እንጂ አኃዙ "ምንም እርምጃ ካልተወሰደ" በሚል ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች እንደ ቁርጥ ትንበያ ወስደውታል። የሞዴሉ የፕሮግራም ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነውም ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ በመሆኑ ትችት አስነስቷል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ሞዴል ስለ ኅብረተሰቡ የሚናገረው በተሰጡት ደንቦች ልክ ብቻ ነው። የወኪሎቹ ደንቦች ከሰዎች ትክክለኛ ባህርይ ከራቁ፣ የኮምፒውተሩ ፍጥነትም ሆነ የወኪሎቹ ብዛት ስህተቱን አያርመውም። በሰው ቋንቋ የሚነጋገሩ ወኪሎችም ቢሆኑ የሚናገሩት ከሠለጠኑበት ጽሑፍ በመነሳት በመሆኑ፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ በበቂ ያልተወከለን ኅብረተሰብ በትክክል ላያንጸባርቁ ይችላሉ።

ስለሆነም የዚህ ዓይነት ጥናት የሚቀርብለት የሥራ ኃላፊ ሦስት ነጥቦችን ማጣራት ይኖርበታል፦ የወኪሎቹ ደንቦች ከየት እንደተገኙ፣ ውጤቱ ቀደም ሲል ከተመዘገበ እውነተኛ መረጃ ጋር መመሳከሩን፣ እንዲሁም መነሻ ግምቶቹ በጥቂቱ ሲለወጡ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ። ሞዴሉ አማራጮችን ለማነጻጸር ይረዳል፤ የውሳኔው ኃላፊነት ግን የወሳኙ አካል ነው።