ርካሽ ደግነት፦ ሽኮኮ እንዴት ከተሜ ሆነ?

አያቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች ዘንድሮ ሦስተኛ ዊንተሯ ነው። (ክረምት ብላችሁ የኛን ሐምሌና ነሐሴ ታስባላችሁ ብዬ ነው፤ እኔ የማወራው በረዶ ስለሚከመርበት ስለነሱኛው ነው።) አክስቴ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ ትወጣለች፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አያቴ ከማሞቂያው፣ ከቴሌቪዥኑና ከጓሮው መስኮት ጋር ትቀራለች።

ባለፈው በቪዲዮ ደወለችልኝና ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ይኸውልሽ፣ እንግዶቼ መጡ» አለችኝ። በረዶው ላይ ሦስት ግራጫ ሽኮኮዎች ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ።

«አክስትሽ ኦቾሎኒው ተወደደ፣ አታባክኚብኝ ትለኛለች። እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ በርካሽ ምን ይሰጣቸዋል? በዚህ ብርድ ፍጥረት ሲራብ ዝም ብዬ ልየው?»

ጋዜጠኝነት ስማር ለፖለቲከኛ እንጂ ለሽኮኮ የሚሆን ጥያቄና መልስ አላስተማሩኝም። ቢሆንም «አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት። ላጣራ ስገባ ታዲያ ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ ታሪክ አገኘሁ፤ ያውም የሚያስቅም የሚያሳፍርም ታሪክ። አያቴን ያስጠበቅኳትን ያህል እናንተንም ላስጠብቃችሁ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሽኮኮ የሚባለው በዓለት መካከል የሚኖረው ጭራ አልባው እንስሳ ነው። የዛሬው ባለ ታሪክ ሌላኛው ነው፤ ጭራው እንደ ዝንብ ማባረሪያ ጭራ ጎፍሮ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለአንድ ራስ ሦስት ፔንስ

ዛሬ የአሜሪካ ከተማ ያለ ሽኮኮ አይታሰብም። ፎቶ ላይ፣ ፊልም ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የማይጠፋ ነው። ስለዚህ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ እዚያው ዛፍ ላይ የነበረ፣ ከተማው ሲሠራበት ዝም ብሎ የቀረ ይመስለናል። አይደለም።

ግራጫው ሽኮኮ የጫካ እንስሳ ነበር፤ ለገበሬው ደግሞ የለየለት ሌባ። በቆሎ ሲደርስ ከጫካ እየወረደ ማሳውን ያወድማል። የኛ ገበሬ ከዝንጀሮና ከጦጣ ጋር ያለበትን ጣጣ አስቡት። በ1749 የፔንሲልቬንያ ቅኝ ግዛት ለተገደለ ሽኮኮ በእያንዳንዱ ራስ ሦስት ፔንስ ወሮታ መክፈል ጀመረ። በዚያው ሰሞን አገሩን ይዞር የነበረው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔር ካልም እንደመዘገበው፣ በአንድ ዓመት ብቻ ስምንት ሺህ ፓውንድ ተከፈለ። ሒሳቡን ሥሩት፤ 640,000 ራስ ነው! ወጣቱ እርሻውን ትቶ ሽኮኮ አደን ገባ፣ ግምጃ ቤቱ ተራቆተ፣ ክፍያውንም በግማሽ መቀነስ ግድ ሆነ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን ይኸው «ሌባ» በሀብታም ቤት በጎጆ የሚያዝ የቤት እንስሳም ነበር። የፊላደልፊያው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን ሳለ ሚስቱ ሽኮኮ ልካለት ለወዳጆቹ ለሺፕሊ ቤተሰብ ሰጥቷል። ስሙ ሙንጎ ነበር። በ1772 ሙንጎ ከጎጆው አምልጦ ውሻ ሲገድለው፣ ያ የተከበረ ሰው ለቤቱ ልጅ ለጆርጂያና የማጽናኛ ደብዳቤ ከነመቃብር ጽሑፉ አዘጋጅቶ ላከላት። ማሳ ላይ ሲገኝ ሦስት ፔንስ፣ ሳሎን ውስጥ ሲገኝ ሙሾ!

በእንግድነት የገቡት ሦስቱ

በ1847 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በዚሁ በፍራንክሊን ስም በተጠራው አደባባይ፣ ሦስት ሽኮኮዎች ተለቀቁ። መጠለያ ሳጥን ተሰቀለላቸው፣ ምግብ ተመደበላቸው። የከተማ ሽኮኮ ታሪክ በሰፊው የሚጀመረው ከዚህ ነው። ቦስተንና ኒው ሄቨንም ተከተሉ። ኒው ዮርክ በ1877 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ጥቂት ለቀቀች፤ በ1883 ቁጥራቸው 1,500 ገደማ ደርሷል ተባለ። በ2018 በጎ ፈቃደኞች እየዞሩ ቆጥረው ያወጡት ግምት ደግሞ 2,373 ነው። (አዎ፣ የሽኮኮ ቆጠራ አለ። እኛ የሰው ቆጠራ ስንቴ እንደተራዘመብን አታስታውሱኝ።)

ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ሽኮኮ አይታችሁ ከሆነም እሱ ራሱ መጤ ነው። በ1902 እና በ1906 ብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ ከካናዳ፣ ኦንታሪዮ 18 ጥቁር ሽኮኮዎች አስመጥቶ ለቀቀ። ዝርያው ያው ግራጫው ነው፤ ጠጉሩ ብቻ ነው የጠቆረው። እየተዋለዱ ከተማውን አልፈው ወደ ሜሪላንድ ዘለቁ። ከዚያ ማቆያ በእግር የሚደረስበት አዳምስ ሞርጋን ደግሞ በ1980ዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው፤ የኛም ሰዎች ከዚያ ተነስተው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘልቀዋል። ስለዚህ አያቴና እንግዶቿ የመጡበት መንገድ ተቀራራቢ ነው ማለት ነው።

ለምን አበሏቸው?

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አያቶቻቸው ገንዘብ ከፍለው ያስጨረሱትን እንስሳ፣ የልጅ ልጆቹ ለምን ቤት ሠርተው ቀለብ ቆረጡለት?

አንዱ ምክንያት ፓርክ የሚባለው ሐሳብ ነው። ከተማው በጭስና በፋብሪካ ሲታፈን ገጠርን ወደ ከተማ ማምጣት ተፈለገ። ሴንትራል ፓርክ በ1858 ለሕዝብ ሲከፈት ዓላማው ይኸው ነበር። ዛፉ ተተከለ፤ ዛፉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ሰው ነው። በ1866 ሄንሪ በርግ ኒው ዮርክ ላይ በእንስሳት የሚደርስን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር አቋቋመ። በ1868 ጆርጅ ኤንጅል ማሳቹሴትስ ላይ ቀጠለ፤ በ1882 ደግሞ ሕፃናት ለእንስሳት ርኅሩኅ ለመሆን ቃል የሚገቡበት የምሕረት ጓድ ተመሠረተ። እሳቤው ቀላል ነው፦ ዛሬ ሽኮኮ በድንጋይ የሚወግር ልጅ ነገ ሰው ይደበድባል፤ ዛሬ በእጁ ያጎረሰ ነገ ደግ ዜጋ ይሆናል። የአሜሪካ ስካውት መሥራቾች አንዱ የሆነው ደራሲው ኧርነስት ቶምሰን ሲተንም ሽኮኮ መመገብ የልጆችን ጭካኔ ያለዝባል ብሎ ሰብኳል። ሽኮኮው አስተማሪ፣ ደመወዙ ኦቾሎኒ!

ሐሳቡ ደስ ይላል። እኔም ወድጄው ነበር፤ ዓመቶቹን ጎን ለጎን እስካስቀምጣቸው ድረስ።

በ1873 አሜሪካ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ገባች። ሥራ ያጣው ወንድ ከከተማ ከተማ እየተንከራተተ ዳቦ ይለምን ጀመር። በ1876 የኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለውን ተንከራታች ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሴንትራል ፓርክ ሽኮኮዎቹን የተቀበለው በ1877 ነው። ወንዙን ተሻግሮ ባለው ምድር የሚለምን ሰው ሲታሰር፣ በዚህኛው ዳር የሚለምን ሽኮኮ «እንዴት ያምራል!» ይባላል።

በርግም ሆነ ኤንጅል ሰው ይራብ አላሉም። ሽኮኮ መመገብም ኃጢአት አይደለም። ግን ደግነት ርካሽ ሲሆን ለምን እንደሚጣፍጥ ይህ ታሪክ ያሳያል። ሽኮኮ አንድ ፍሬ ተቀብሎ ይሄዳል። የቤት ኪራይ አይጠይቅም፣ ታሪኩን አይነግርህም፣ ነገ ቢሮህ አይመጣም። እኛም ፒያሳ ላይ ለርግብ ቆሎ በትነን፣ እግራችን ሥር የተቀመጠውን ልጅ ዘለን እናልፍ የለ?

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት

ሽኮኮው እስከ ዋይት ሐውስ ዘልቋል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ጊዜ፣ ፒት የሚባል ለማዳ ሽኮኮ በግቢው ዝነኛ ነበር። በ1955 ግን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የጎልፍ መለማመጃ ሣራቸውን ስለቆፈሩባቸው ሽኮኮዎቹ እየተጠመዱ ወደ ሌላ ቦታ እንዲወሰዱ ተደረገ። የኦሬጎኑ ሴናተር ሪቻርድ ኒውበርገር አጋጣሚውን አላሳለፉትም፤ ሽኮኮዎቹን ለማዳን መዋጮ ጀመሩ። ነገሩ አገር አቀፍ ወሬ ሆነ።

ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ያለው ላፋዬት አደባባይ ደግሞ የደግነቱን ዋጋ በግልጽ ያሳየ ቦታ ነው። የኛ ሰዎች ሰልፍ ሲወጡ የሚቆሙበትን ሥፍራ ታውቁታላችሁ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እዚያች ጠባብ መናፈሻ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አግዳሚ ወንበር የሚይዘው ሠራተኛና ጡረተኛ ኦቾሎኒ ከማዝነቡ የተነሳ በሄክታር ከ50 በላይ ሽኮኮ ተቆጠረ። በጥናት ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ክምችት ነው። ዛፉ ቅርፊቱ ተላጠ፣ አበባው ተቆፈረ። በመጨረሻ የፓርኩ አስተዳደር የተወሰኑትን እያነሳ ሌላ ቦታ ወሰደ። ዛሬ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባሉ ቦታዎች የዱር እንስሳ መመገብ ክልክል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የመልካም ዜጋ ምልክት የነበረው ሥራ ዛሬ ያስቀጣል።

ለአያቴ የሰጠሁት መልስ

በሳምንቱ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ነገር እነሱ አልተራቡም» አልኳት። ግራጫ ሽኮኮ ክረምቱን ሙሉ አይተኛም፤ ግን በመከር ወራት አንዳንድ ፍሬ እየለየ በመቶ በሚቆጠሩ ጉድጓዶች ይቀብራል፣ በማስታወስና በማሽተትም ያወጣል። ኦክ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ውስጥ ቶሎ የሚበቅለውን ዓይነት ቡቃያውን ነክሶ አውጥቶ ይቀብረዋል፤ እንዳይበቅልበት። ረስቶ የተወው ደግሞ ዛፍ ይሆናል።

«ኦቾሎኒውስ?»

ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ እሱን ብቻ የሚበላ ሽኮኮ አጥንቱ ይጎዳል። ጨው ያለበት ጨርሶ አይሰጥም፤ ዳቦም ሆድ ከመሙላት አያልፍም፤ የሻገተ በቆሎም መርዝ አለው። ከሰጠሽ ከነቅርፊቱ፣ ጥቂት፣ አልፎ አልፎ። አንድ ቦታ ከምትከምሪው በተን አድርጊው፤ ተሰብስበው ሲበሉ እከክ ይጋባሉ። ውኃ ሲረጋ ግን አንድ ሳህን ያልቀዘቀዘ ውኃ ብታወጪላቸው ከኦቾሎኒው ይበልጣል፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ከሁሉ የረከሰውን ዘዴ ያገኘሁት ከፕሬዚዳንት ሬገን ነው። ሰውየው ቅዳሜና እሑድ ካምፕ ዴቪድ ሲሄዱ የወደቀ የኦክ ፍሬ ለቅመው፣ በከረጢት ይዘው ተመልሰው ለዋይት ሐውስ ሽኮኮዎች ይሰጡ ነበር። በጥቅምት ወር የሲልቨር ስፕሪንግ የእግረኛ መንገድ በዚህ ፍሬ ይሸፈናል። ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፣ በጥር ይወጣል። ሳንቲም አያስወጣም።

«ከልጆቹ ጋር ወጥታችሁ ትለቅማላችሁ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ልጆቹ ጊዜ ካላቸው» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ሽኮኮዎቹ ያለ አያቴ ይከርማሉ። ላፋዬት አደባባይ ላይ ከረጢት ይዘው የሚቀመጡት ጡረተኞችም ምናልባት ከሽኮኮው ይልቅ እነሱ ነበሩ የራባቸው። አንድ ፍጥረት በሰዓቱ የሚመጣላቸው፣ ስማቸውን ባያውቅም እጃቸውን የሚያውቅ። ለዚያ ኦቾሎኒ ርካሽ ነው።

ለአክስቴ ልጆች መልእክት ጽፌያለሁ፤ ጥቅምት ሲመጣ አንድ ቅዳሜያቸውን ይዤባቸዋለሁ። እኔም ማክሰኞና ዓርብ፣ እዚህ ማታ እዚያ ጠዋት ሲሆን፣ እንግዶቿ በሚመጡበት ሰዓት እደውላለሁ።