ቫይረሱ በአውቶቡስ መጣ

ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የኮምፒውተር ቫይረስ የገባው በአውቶቡስ ነው። ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ እስኪደርስ፣ ደርሶም አንድ ፋይል ሳይቋረጥ እስኪያወርድ ድረስ ብዙ ዓመት ወስዷል። እስከዚያው ፋይል የሚጓዘው ከሰው ጋር ነበር። ከባሕር ዳር ለእረፍት የሚመጣ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ ሥልጠና ቆይቶ የሚመለስ የወረዳ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ የሚገባ ነጋዴ፣ ሁሉም ፍላሽ በኪሱ ይዞ ነበር የሚሳፈረው። ፍላሹ ውስጥ ዘፈን፣ ፊልምና ሪፖርት እንዳለ ያውቃል፤ ከእነሱ ጋር የተሳፈረውን አያውቅም።

ያንን ዘመን ያየሁት ከጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ከሚሠራባቸው ቤቶች በአንዱ ማመልከቻ፣ የመሬት ኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የትምህርት ቤት ፈተናና የሠርግ ጥሪ ስተይብ ኖሬያለሁ። ስለ አካባቢያችን ሲወራ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ስላለፉበት መንገድ፣ ስለ ቡሬ በርበሬ፣ ስለ ብር ሸለቆ እርሻ ብዙ ይባላል። የእኛም ሙያ የራሱ ያለፈ ዘመን አለው። ማሽኖቻችንን ለመጠበቅ ምን እንዳደረግን፣ ስለዚያም ከማን ጋር እንደተከራከርን መመዝገብ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ ስልኩ ውስጥ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ገበሬ የዚያ ታሪክ ወራሽ ነው።

ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። እሱ ሪባኑ ሲያልቅ ወይም መዶሻው ሲጣመም ብቻ ነበር የሚያስቸግረው። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም ነበር። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ከላይ ይጫኑበታል። እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈ ውል ሌላው ባልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ችግር በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው ቀድመው በኢሜል ይወያዩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ሆሄ ወክሎ የሚልክ ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ አገኘ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። እኛ ግን ቪስታን ብዙም አላየነውም። ማሽኖቻችን አቅም አልነበራቸውም፤ በየኮምፒውተሩ የተከማቸው የዓመታት ውልና አቤቱታም የተጻፈው በድሮው መንገድ ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ቆየን።

ያ ኤክስፒ የመጣው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ሲዲ ተቀድቶ ነው። ኮፒው እንዲሠራ ክራክ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም መጫን አለበት፤ ክራኩ እንዲጫን ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። ቀጥሎ አውቶማቲክ አፕዴቱ ይዘጋል፤ ከማይክሮሶፍት ጋር ከተገናኘ ኮፒ መሆኑን አውቆ የስክሪኑን ጀርባ ያጠቁረዋልና። በኤክስፒ ላይ ተጠቃሚው ከመጀመሪያው በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ስለሚገባ፣ ሳያውቅ የከፈተው ፕሮግራምም ያንኑ ሥልጣን ይወርሳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ነው። በአዲስ አበባም በጎጃምም የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር አጫጫን ይኸው ነበር።

የፍላሽ ዘመን የደረሰው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ፍላሹ ተሰክቶ ሲከፈት ዊንዶውስ ውስጡ ያለውን የአውቶራን ፋይል አንብቦ የታዘዘውን ያስነሳል፤ ሰውዬው ፎልደር ብቻ የከፈተ ይመስለዋል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ኮንፊከር የተባለው ትል በዓለም ታየ። ቆየት ብሎ የወጣው ዝርያው በፍላሽም ይተላለፍ ነበር፤ ከ190 በሚበልጡ አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ማይክሮሶፍት የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ያወጣው ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ትሉ ከመታየቱ አስቀድሞ። አውቶራን በፍላሽ ላይ እንዳይሠራ የሚያደርገው አፕዴት ለኤክስፒ በስፋት የተላከው ደግሞ በየካቲት 2003 ዓ.ም. ነበር። አፕዴት ለተዘጋባቸው ማሽኖች ሁለቱም እንዳልተላኩ ናቸው።

ደንበኛ ገብቶ «ቫይረስ በላብኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያሳየኝ ባዶ ፍላሽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጥታ ፎልደሩ ባዶ የሆነባት ተማሪ እንባዋን ስታፈስ አይቻለሁ። ቦታው ሞልቷል እያለ ፋይሉ ካልታየ፣ ፋይሉ አለ ማለት ነው፤ ቫይረሱ ደብቆት በቦታው አጭር መንገድ፣ ሾርትከት የምንለውን፣ አስቀምጧል። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ በአትሪብ ትእዛዝ ድብቅነቱን ማንሳት፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ የተለመደ ሥራችን ሆነ። ኢንተርኔት ካፌዎቹ በበኩላቸው ዲፕ ፍሪዝ ጫኑ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቫይረሱን ያጠፋል፣ ግን ዴስክቶፕ ላይ ጽፎ የሄደ ሰው ፋይሉንም አያገኝም።

ስለ አትሪብም ስለ ዲፕ ፍሪዝም ያስተማረን ኮርስ የለም። ያወቅነው በወሬ ነው፤ መጀመሪያ በያሁ ሜሴንጀር፣ ቀጥሎ በፌስቡክ፣ ከዚያ በቴሌግራም። የእኔ ወዳጆች ሦስት ናቸው። አንዱ ቡሬ የአይሲቲ መምህር ናቸው። አንዱ ቡሬ አድጎ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰርቨር ሥራ የሚተዳደር ነው። ሦስተኛው የማንኩሳ ልጅ፣ ያኔ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ክርክራችን አንድ ነገር ላይ ይዞር ነበር፦ ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ሊኑክስ?

መምህሩ ከሊኑክስ ወገን ነበሩ። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲውን ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበርና፣ በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሳጥን አስመጥተው ለተማሪዎቻቸው ጫኑ። ሕጋዊ ነው፤ ክራክ አይፈልግም፤ ሥልጣን የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። «አንቺ ልጅ፣» ይሉኝ ነበር፣ «በሩን ከፍተሽ ዘበኛ መቅጠር ምን ይጠቅምሻል? አንቲቫይረስ እያልሽ የምትደክሚው ለዚህ ነው።»

«መምህር፣ ልክ ነዎት» እላለሁ። «ግን እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ውል ይዞ ነው። የእርስዎ ኡቡንቱ ያንን ካላነበበልኝ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበትን ሰው ምን ልበለው?» ይህ ክርክሬ ቀላል አልነበረም። ማሽን የሚጠበቀው ሊሠራበት ነው፤ ሥራውን የማይችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምንም ያህል ጽኑ ቢሆን ለጽሕፈት ቤት አይሆንም።

የቨርጂኒያው ወንድማችን እንዲህ ስንፋጠጥ የቆየ ታሪክ ያነሳልን ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን መሥራቱን ባስታወቀ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1992፣ አንድሩ ታነንባም የተባሉ ፕሮፌሰር አሠራሩ ጊዜ ያለፈበት ነው ብለው በአደባባይ ጻፉ። ተማሪው ቶርቫልድስም በቁጣ መለሰ። ዛሬ ያንን ሊኑክስ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ እናገኘዋለን። «ተከራከሩ፣» ይለናል፣ «ክርክር ነው ነገሩን ያጠራው።»

ክርክሩን ያጠራልን ግን አንድ ሳምንት ነው። መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ አፕዴት መስጠት አቆመ። መምህሩ በደስታ ሊጽፉልን ሲሉ፣ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ዕለት ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሆኖ ነበር። የነበረው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው፣ ብዙዎቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች በሚገለገሉበት ፕሮግራም ውስጥ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በላይ ማንም ሳያየው ቆይቷል። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ደግሞ ሼልሾክ ተከተለ፤ እሱ ባሽ በሚባለው የትእዛዝ ፕሮግራም ውስጥ ለ25 ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ለማንበብ የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። የማንኩሳው ልጅ ያኔ የጻፈውን አልረሳውም፦ «እትዬ፣ ሁሉም ይሰበራል። ቁም ነገሩ ከተሰበረ በኋላ ጥገናው ቤታችን በስንት ቀን ይደርሳል ነው።»

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ ሲነሳ ይህ አባባል በዓለም ፊት ተፈተነ። ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ጥቃት ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን መታ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ታካሚ እስከ መመለስ ደረሱ። የሚከላከለው አፕዴት ግን ማይክሮሶፍት ያኔ ይደግፋቸው ለነበሩት ዊንዶውሶች መጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ወር ቀድሞ። ሀብታም አገር ያለ ሆስፒታልና ፍኖተ ሰላም ያለ ጽሕፈት ቤት በአንድ ምክንያት ለጥቃት ተጋልጠዋል፤ ጥገናው ነበረ፣ አልደረሰም።

እኛ ዘንድ የማይደርስበት ምክንያት ይታወቃል። በሞባይል ዳታ የዊንዶውስ አፕዴት ማውረድ የቀን ገቢ ይበላል። ስለዚህ የማንኩሳው ልጅ ከዩኒቨርሲቲው መስመር አፕዴቶቹን በሃርድ ዲስክ አውርዶ በአውቶቡስ ይዞልን መምጣት ጀመረ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ፣ በየጽሕፈት ቤቱ እየዞረ ይጭን ነበር። ቫይረሱ በመጣበት መንገድ ጥገናው መጣ። እንደ እኔ እምነት በአካባቢያችን የኮምፒውተር ደህንነት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አልተሠራም፤ የሠራውም አንድ የገበሬ ልጅ ነው።

መንግሥትም በዘርፉ የራሱን ተቋም ገንብቷል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወጣ። አዋጅ ጥፋተኛን ይቀጣል፤ የታይፒስቷን ማሽን አፕዴት ማድረግ ግን የአዋጅ ሥራ አይደለም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጉዳዩ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ገጠር ገባ። በቆሎና በርበሬ የሸጠ ገበሬ ገንዘቡ ስልኩ ላይ አለ። ርካሹ አንድሮይድ ስልክ ከተሸጠ በኋላ የደህንነት አፕዴት የሚያገኘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ አፕሊኬሽኑም ዳታ ለመቆጠብ ሲባል በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። የፍላሹ ዘመን መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል። የገጠር ሰው ቴክኖሎጂ አይገባውም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ የሆነውን ያስታውስ። ለልጆች ታብሌት ያከፋፈለው ፕሮጀክት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ትምህርት ቤት ያልገቡት ልጆች በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውታል። ችሎታው አለ። የጎደለው መንገዱ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ዘለቀ። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም ኤክስ ዜድ በተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ ስለተደበቀ የኋላ በር ሲነጋገር፣ እኛ ከወሬው ውጭ ነበርን። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ከሩቅ ማሽን ጋር መገናኘት የግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ብቻ ምክንያቱን ፈልፍሎ ደረሰበት። የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው፤ የታደገው ግን ሊኑክስን ነው። ለዓመታት በሁለት ጎራ ስንከራከርበት ለነበረው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አልጠብቅም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰው የሚያጣው ወሬ ብቻ ይመስለዋል። ማሽኑም ጥገናውን ያጣል፤ ቀዳዳው እየታወቀ፣ መድፈኛው እየተሰራጨ፣ እኛ ጋ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ከልቤ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የደህንነት አፕዴት ከዳታ ክፍያ ነጻ ይሁን። በየወረዳው ከተማ አንድ ኮሌጅ ወይም ቤተ መጻሕፍት አፕዴቶቹን አውርዶ ለጠየቀ ሁሉ በሃርድ ዲስክ ይስጥ። ማስጠንቀቂያውም ገበሬው በሚያነበው አማርኛ ይጻፍ። ይህን ሥራ አንድ ተማሪ በራሱ የአውቶቡስ ገንዘብ ሲሠራው አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይቻላል፣ ሊሠራም ይገባል።