የጉለሌ ስምና የቋንቋው ስም

በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኘው ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከከተማይቱ መቆርቆር አስቀድሞ በስፍራው ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ነገር ቢለወጥም የሠፈሩ ስም ጸንቶ ቆየ። የጎሣው ቋንቋ ግን ለረጅም ዘመን በመጻሕፍት ላይ የሰፈረው ባለቤቶቹ ባላወጡት፣ ኋላም እንደ ስድብ በተቆጠረ ስም ነበር።

ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1840 ስለ ቋንቋው ሰዋስው ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የባዕድ ስም ተጠቀመ። ካርል ቱቼክም ወደ ጀርመን ከተወሰዱ የኦሮሞ ወጣቶች ተምሮ ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1844 በሙኒክ ሲታተም በዚያው አርእስት ወጣ። ክራፕፍ ግን ኋላ እ.ኤ.አ. በ1860 ሕዝቡ ራሱን «ኦርማ» ወይም «ኦሮማ» እንደሚል ጻፈ። ስለዚህ የስሙ ስሕተት ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ልማድ ከዕውቀት በርትቶ ነው። የቋንቋው ተወላጅ የሆነው ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1894 በእምኩሉ ያሳተመው የንባብ መማሪያ እንኳ በእንግሊዝኛ አርእስቱ ከዚሁ ስም አላመለጠም።

በመንግሥት ጽሑፎች «ኦሮሞ»ና «ኦሮምኛ» የተስፋፉት ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረውና ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛ ከመማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ።

የማላይ ቋንቋ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች «ባሐሳ» ብቻ ብለው ይጠሩታል። ከሳንስክሪት የተወረሰው ይህ ቃል ግን ትርጉሙ «ቋንቋ» ብቻ ስለሆነ የየትኛውም ቋንቋ መለያ ሊሆን አይችልም። ባለቤቶቹ «ባሐሳ መላዩ» ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣቶች ቃል ኪዳን የተቀበሉት ኢንዶኔዥያውያንም «ባሐሳ ኢንዶኔዥያ» ብለውታል። «አፋን ኦሮሞ» የሚለውን «አፋን» ብቻ፣ «ልሳነ ግዕዝ» የሚለውንም «ልሳን» ብቻ ብሎ እንደ መቁረጥ ያለ ነው።

በአንዱ የባዕድ ስም ተጫነ፤ በሌላው የባለቤቱ ስም ተቆረጠ። ካርታ የሚነሣ፣ ዕቅድ የሚጽፍ፣ የቦታና የሕዝብ ስም በሰነድ የሚያሰፍር ባለሙያ ከሁለቱም መጠንቀቅ ይገባዋል። ሰነድ ከጸሐፊው ይልቅ ይኖራልና፤ ባለቤቱን ለመጠየቅ የሚፈጀው ጥቂት ጊዜ የተሳሳተውን ስም ከመቶ ዓመት በኋላ ለማረም ከሚፈጀው ድካም ያነሰ ነው።