ውሃ የማያርሰው ለስላሳ ፈርን

ፈርን አበባና ዘር የሌለው፣ በምድር ላይ ከ350 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የቆየ የዕፅዋት ወገን ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት የፈርን ዝርያዎች አንዱ በሳይንሳዊ መጠሪያው “አዲያንተም ካፒለስ ቬነሪስ” ይባላል።

የዚህ ፈርን አገዳ ጥቁር፣ አንጸባራቂና እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። በአገዳው ላይ የተደረደሩት ስስ ቅጠሎች የማራገቢያ ቅርጽ አላቸው። ውሃ ሲወርድባቸው ጠብታው ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ አያርሳቸውም። “አዲያንተም” የሚለው ስያሜም “የማይርስ” ከሚል የግሪክኛ ቃል የተወሰደ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ ዝርያውን የሰየመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ነው።

ቅጠሉ ባይርስም ተክሉ ያለ እርጥበት ሊኖር አይችልም። የሚራባው በቅጠሉ የታጠፈ ጠርዝ ሥር በሚገኙ ስፖር በሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። ስፖሩ በእርጥብ ዐለት ላይ ሲያርፍ የልብ ቅርጽ ያለው ትንሽ አረንጓዴ አካል ያበቅላል። በዚህ አካል ላይ የወንዴው ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ በመዋኘት ነው። በመሆኑም ተክሉ የምንጭ አፍን፣ የፏፏቴ ዳርንና ውሃ የሚንጠባጠብበትን ጥላማ ገደል ይመርጣል።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሞቃታማው የይፋት ቆላ ለእንዲህ ዓይነቱ ተክል የሚስማሙት ምንጭ ያለባቸው ጥላማ ሸለቆዎች ናቸው። ከበላያቸው ጣርማ በር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚሁ ተዳፋት የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት ነው። የደኑ አፈር የክረምቱን ዝናብ አስርጎ በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የይፋት ወንዞችም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ደን ሲመነጠር ዝናቡ በጎርፍ መልክ ይሄዳል፤ ምንጮችም በበጋ ይነጥፋሉ። የምንጩ ዐለት ሲደርቅ ቀድሞ የሚጎዳው ፈርኑ ሲሆን፣ ጉዳቱ ቀጥሎ በመስኖ ወደሚያለሙት የቆላው አርሶ አደሮች ይደርሳል። ምንጭ በሚጎለብትበት ጊዜ ዐለቱ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ከተሸፈነ ተክሉ መኖሪያውን ያጣል።

ስለሆነም የምንጮችን ዙሪያ ከከብት ንክኪ መከለል፣ በላያቸው ያለውን ደን መጠበቅና ምንጭ ሲጎለብት ውሃ የሚንጠባጠብበትን የዐለት ክፍል ሳይሸፍኑ መተው ለፈርኑም ሆነ ለውሃው ተጠቃሚ ኅብረተሰብ ይበጃል።